ከጥምቀት ማግስት

ጥር 10 ንጋት ላይ ደብረ ብርሃን ውርጭ ነው። ሣሩ ነጭ ለብሶ ያድራል፣ የቧንቧው ውኃ እጅ ያደነዝዛል። በዚያ ብርድ ከሁሉም ቀድሞ ደጅ የሚታየው የሰፈር ወጣት ነው። ለበዓሉ ያሠራውን ቲሸርት ሹራቡ ላይ ደርቦ መንገድ ይጠርጋል፣ ገመድ ወጥሮ ባንዲራ ይሰቅላል፣ ቄጠማ ይጎዘጉዛል። ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ሥራው ይጠናበታል። ካህናቱ ያለፉበትን ቀይ ምንጣፍ ከኋላ ይጠቀልላል፣ ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ፊት ይሮጣል፣ እንደገና ያነጥፋል። ሌሎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሕዝቡን ዳር ያስይዛሉ። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሚካኤልም እንዲሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ድምፁ እስኪዘጋ ይዘምራል። ማንም አልከፈለውም፤ ይልቁንም ለቲሸርቱና ለምንጣፉ ከኪሱ አዋጥቷል።

ጥር 13 ሲሆን ቲሸርቱ ይታጠባል፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ አንዱ ቤት ጓዳ ይገባል። ከእነዚያ ልጆች ስንቱ በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ይቆማል? ስንቱ የንስሐ አባት አለው? በደብሩ ሰበካ ጉባኤ መዝገብ ላይ የስንቱ ስም ተጽፏል?

ይህ ሲነሣ ከትልልቆቹ ዘንድ የሚሰማው መልስ የታወቀ ነው። «የዛሬ ልጅ ሆታውን እንጂ ጾሙንና ቅዳሴውን መች ያውቀዋል» ይባላል። ግማሽ እውነት አለው። (በነገራችን ላይ፣ ወጣት የወደደው እንቅስቃሴ ሁሉ ባዕድ ነው የሚሉ ሰዎች የተክሌን ዝማሜ ቢያስታውሱ ደግ ነበር። አለቃ ገብረ ሃና ያመጡት ስልት ጎንደር ላይ «አንቀበልም» ሲባል ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ በልጁ ስም ደብረ ታቦር ላይ ተተከለ። ዛሬ ማንም ባዕድ አይለውም።) ሌላው ግማሽ ግን ሳይነገር ይቀራል። ያ ወጣት ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ የት እንዲቀመጥ ነው የተፈለገው? ቦታው የት ነው? ማንስ አሳየው?

ድሮ ይህ ጥያቄ አይነሣም ነበር። በሸዋ ገጠር አንድን ልጅ «የማን ልጅ ነህ?» ካሉት በኋላ «ደብራችሁ የት ነው?» ማለት የተለመደ ነበር፤ ልጁም ሁለቱንም ሳያመነታ ይመልሳል። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ተጠምቃ የክርስትና ስም ታገኛለች፣ የክርስትና እናት ታገኛለች። የንስሐ አባት የቤቱ ሁሉ ናቸው፤ ጠበል ይረጫሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ሰው ሲሞት ይፈታሉ። አባትየው የሚካኤል ማኅበርተኛ ነው፤ እናትየው የማርያም። ማኅበሩ እነሱ ቤት ሲደርስ ልጁ ጠላ ይቀዳል፣ ዳቦ ያቀርባል፣ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ቆሞ ያያል። አባቱ ሲያርፍ በቦታው ይተካል። ማንም ፎርም አላስሞላውም፤ ማንም «ማንነትህን ፈልግ» አላለውም። ቤተ ክርስቲያኒቱ የምትታወቀው ስሙን በሚያውቁ ሰዎች ነበር።

የዛሬው የደብረ ብርሃን ወጣት ግን በአብዛኛው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ከተማዋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተለውጣለች። ድሮ ስሟ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጋር ነበር የሚነሣው። ከዚያ በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተቋቋመ፣ ቢራ ፋብሪካዎች መጡ፣ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ ጀመረ። ከመንዝ፣ ከተጉለት፣ ከቡልጋ፣ ከወሎ የመጣ ልጅ ከሦስትና ከአራት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ በፈረቃ ይሠራል። እሑድ ጠዋት አንዳንዴ ሥራ ላይ ነው፤ አንዳንዴ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ እንቅልፍ ላይ። የንስሐ አባቱ መንዝ ናቸው። ያባቱ ማኅበር መንዝ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ እሱን የሚያውቀው አከራዩ ብቻ ነው።

ለዚህ ክፍተት ቤተ ክርስቲያን ያላት ትልቁ መልስ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው፤ የሚገባውን ክብር መስጠት ያስፈልጋል። በደርግ ዘመን ወጣት ቤተ ክርስቲያን መመላለሱ በቀበሌ ዓይን በሚያስገባበት ጊዜ መዝሙሩን ያላቋረጡት የሰንበት ተማሪዎች ናቸው። ዛሬም በየአጥቢያው ሕፃናትን ፊደልና ጸሎት የሚያስተምሩ፣ ግቢውን የሚያጸዱ፣ ለነዳያን ልብስ የሚያሰባስቡ እነሱ ናቸው። ሕጉም ይደግፋቸዋል። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ሰበካ ጉባኤን የካህናት፣ የምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የጋራ መቀመጫ አድርጎ ነው ያቆመው። ወረቀቱ ላይ ወጣቱ ወንበር አለው።

ችግሩ ከወረቀቱ ውጭ ነው። በብዙ አጥቢያ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከቤተ መቅደሱ ራቅ ብሎ የተሠራ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ወጣቱም ኑሮው እዚያ ነው። እዚያ ይማራል፣ እዚያ ያጠናል፣ እዚያ ይጣላል፣ እዚያ ይታረቃል፣ እዚያ ይወዳል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያንን የሚያውቃት በአዳራሹ በር በኩል ነው። ከቅዳሴ በኋላ አዛውንቱ ወደ ሰንበቴ ቤት፣ ወጣቱ ወደ አዳራሹ ይሄዳል። ሁለቱ መንገዶች ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው፤ አይገናኙም። ሰበካ ጉባኤ ላይ የተወከለው ልጅ በስብሰባው ጥግ ይቀመጣል፣ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ይደረጋል፣ አስተያየት ሲሰጥ «ልጄ፣ ይህን ለኛ ተውልን» ይባላል። ገንዘብ የሚጠይቅ ጉዳይ ሲመጣ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ጧፍና ካሌንደር ሸጦ፣ የጉዞ መርሐ ግብር አዘጋጅቶ ራሱን እንዲችል ይመከራል። ልጅ ነው እንዳይባል በጀቱን ራሱ ያመጣል፤ አዋቂ ነው እንዳይባል ድምፁ አይቆጠርም።

ከሁሉም የሚከፋው መውጫው ላይ ነው። በደንቡ የሰንበት ትምህርት ቤት ዕድሜ ከ4 እስከ 30 ዓመት ነው። ሲጀመር ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወጣትነት ያልፋል፣ ቦታ ለተተኪ ይለቀቃል። ነገር ግን ሰላሳ ዓመት የሞላው ሰው ከአዳራሹ ወጥቶ ወዴት እንዲሄድ ነው? ሰንበቴው የአባቶቹ ነው፤ ከገጠር ለመጣ ሰው ደግሞ የሌላ ሰው አባቶች ነው። ማኅበር ለመግባት የሚጠራ ዘመድ ያስፈልጋል። ሰበካ ጉባኤው በየወሩ ክፍያ የሚጠይቅ ካርድ ይሰጠዋል፤ ይኸው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሊሆነው የሚችል የአገልግሎት ዘመን በአንድ የሽኝት መርሐ ግብር፣ በሻይና በዳቦ፣ በአንድ መስቀል ስጦታ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በቅዳሴ ጊዜ ጥላ ሥር ቆሞ የሚታይ፣ የቀድሞ ጓደኞቹን ሲያይ ፈገግ የሚል፣ ጉዳይ የሌለው ሰው ይሆናል።

ለሴቶቹ በሩ ከሰላሳም ቀድሞ ይዘጋል። ወንዱ ከአዳራሹ ወጥቶ የቅኔ ማኅሌቱ በር ሊከፈትለት ይችላል፤ ዲያቆን ሊሆን፣ ከመሪጌታው ሥር ሊማር ይችላል። ሴቷ ያላት መዝሙር ክፍሉ ነው። ስታገባ ባሏ ወዳለበት ደብር ትሄዳለች፣ ስትወልድ የልምምዱ ሰዓት አይመቻትም፣ ከዚያ «እሷማ ጥሩ ዘማሪት ነበረች» ይባላል። «ነበረች» የምትባለው ሴት ዕድሜዋ ሃያ ሰባት ነው። ስለ ወጣቱ መራቅ በሚደረግ ስብሰባ ሁሉ ስለ ሱስ፣ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ስለ እግር ኳስ ይወራል፤ ስለዚህች ሴት ሲወራ አይሰማም።

በዩኒቨርሲቲው ያለው ታሪክ ይለያል፤ ወደ መጨረሻው ግን ተመሳሳይ ነው። የግቢ ጉባኤ ልምድ በኢትዮጵያ ጠንካራ ነው። በ1983 ዓ.ም. ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ የተወሰዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዚያ በረሃ በጸሎት ተሰባስበው፣ ከዚያ በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ሲመሠረት ከመሠረቱ አንዱ የሆነው ይኸው ነው። እነዚያ ልጆች ማንም ቦታ እስኪሰጣቸው አልጠበቁም። ዛሬ ከባሌም ሆነ ከጎጃም ደብረ ብርሃን የተመደበ ተማሪ መጀመሪያው ሳምንት ላይ «ወንድሜ» ብሎ የሚቀበለው ሰው ያገኛል፤ አልጋ የሚያሳየው፣ ስትታመም ሆስፒታል የሚወስዳት፣ ፈተና ሲከብድ አብሯት የሚያጠና ሰው አለ። በዓመታት ውስጥ ከወንድምና እኅት ያላነሰ ዝምድና ይፈጠራል። በቅዱስ ቁርባን የተወሰኑ፣ ጾሙን የሚጾሙ፣ መጽሐፍ የሚያነቡ ልጆች ከዚያ ይወጣሉ።

ይወጣሉ፤ ከዚያስ? ተመርቆ አንድ ወረዳ ላይ ሥራ ያገኘ ልጅ በመጀመሪያው እሑድ የአጥቢያውን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ይሳለማል፣ ያስቀድሳል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁለተኛው እሑድም እንደዚያው። ማንም ሰው አያውቀውም፤ እሱም «እኔ እዚያ ግቢ የኮርስ መምህር ነበርኩ» ብሎ ራሱን ማስተዋወቅ ያፍራል። መንግሥት አንድ ሠራተኛ ከወረዳ ወደ ወረዳ ሲያዛውር መሸኛ ይጽፋል፤ እዚያ ያለው ቢሮም ሰውየው መምጣቱን ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር የተማረና የተዘጋጀ ወጣት ታስመርቃለች፤ ለሚሄድበት ደብር ግን አንድ ወረቀት ይዞ ሲገባ፣ አንድ ሰው ቆሞ ሲቀበለው እምብዛም አይታይም። ወደ ሌላ እምነት ስለሚሄዱ ወጣቶች በሚደረገው ንዴት ውስጥ ይህ ይረሳል። ብዙው የሚሄደው በነገረ መለኮት ክርክር ተሸንፎ አይደለም። የጎረቤት ሰው «ባለፈው እሑድ ምነው ቀረህ?» ብሎ ደውሎለት ነው።

ከከተማዋ ዳር ደግሞ ሌላ ወጣት አለ። ከወለጋ ሸሽተው የመጡ ቤተሰቦች ቻይና ካምፕ በሚባለውና ባቄሎ ባሉት መጠለያዎች ዓመታት አሳልፈዋል። ስለ እነሱ የሚወራው ስለ ስንዴና ስለ ድንኳን ነው፤ ትክክልም ነው፣ የራበው ሰው መጀመሪያ እህል ይፈልጋል። ሆኖም ከእነሱ መካከል ድሮ የደብሩ ከበሮ መቺ የነበረ፣ ሕፃናት የሚያስተምር የነበረ፣ ለድቁና የተቃረበ ልጅ አለ። አጥቢያው ተበትኗል። የንስሐ አባቱ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ላያውቅ ይችላል። ደብረ ብርሃን ከመጣ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሲያገኙት «ምን ይጎድልሃል?» ብለውታል። «ምን ታውቃለህ? ምን ታገለግል ነበር?» ያለው ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ተረጂ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው የደብሩ ሰው።

ይህን ሁሉ ሲያስቡት የአብነት ትምህርት ቤቱ ሥርዓት ምን ያህል ብልህ እንደነበር ይገባል። የቆሎ ተማሪ አገሩን ጥሎ ይሄዳል፤ ከጎጃም ሸዋ፣ ከሸዋ ጎንደር። ማንም ዘመድ የለውም። ነገር ግን በማንኛውም ክርስቲያን ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ ይሰጠዋል፣ ውሻው ይያዝለታል። ጎጆው ከየኔታ ጎጆ አጠገብ ነው። ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ሲሻገር የቀድሞው መምህሩ ማን እንደሆኑ ይጠየቃል፤ ያ ስም መታወቂያው ነው። በዚያ መንገድ ያደገ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ማለት የተወለደባት መንደር ብቻ እንዳልሆነች በእግሩ ያውቃል። ሰፊይቱን ቤተ ክርስቲያን ያገኛት በረኀብና በመንገድ ነው። እርግጥ መንገዱ ለጥቂቶች ነበር፤ ለሴት ልጅ ብዙም ክፍት አልነበረም፣ ለፋብሪካ ሠራተኛም አይሆንም። ግን ከሱ የሚወሰድ ነገር አለ፤ የትም ብትሄድ የሚቀበልህ ደጅ አለ የሚል እርግጠኝነት።

አንኮበር ላይ ይህ ነገር በዓይን ይታያል። ከደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚደረስባት፣ ከደጋው ጫፍ የአፋርን ቆላ ቁልቁል የምታይ፣ በሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ መናገሻ የነበረች አገር ነች። እንደ መድኃኔ ዓለምና ኪዳነ ምሕረት ያሉ አድባራቷ የነገሥታቱን ዘመን አይተዋል። ዛሬ ከአንኮበር የሚወጣው ወጣት ነው፤ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ዐረብ አገር። የቀረው ልጅ ደግሞ በስልኩ አዲስ አበባ ላይ የተቀረጸ መዝሙር ይሰማል፣ እሱኑ ያጠናል። ሸዋ የራሱ የሆነ የአቋቋም ስልት አለው፤ የተጉለት ይባላል፣ ከጎንደሩ ላይ ቤትና ታች ቤት ጋር ስሙ የሚጠራ። ይህ ቅርስ የተጉለት ልጅ የሚመካበት መሆን ነበረበት። አንድ ግቢ ውስጥ፣ እዚህ ጋ መሪጌታው ጥቂት ደቀ መዛሙርት ይዘው ተቀምጠዋል፤ እዚያ ጋ አዳራሹ ውስጥ ሃምሳ ልጅ በኪቦርድ የተቀናበረ መዝሙር ያጠናል። መሪጌታው «እነዚህ ልጆች ከኔ አይማሩም» ይላሉ። ልጆቹ «መሪጌታ እኛን አይፈልጉንም» ይላሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሰላሳ እርምጃ ነው።

አንዳንዱ ደብር ይህን ርቀት የሚያሳጥር ነገር ጀምሯል፤ የሰንበት ተማሪዎች በነጭ ልብሳቸው ማኅሌቱ ሲቆም ከኋላ ቆመው ወረቡን ሲቀበሉ ይታያል። ይህ የሚበረታታ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ከሚሰጥ አሥር ኮርስ የበለጠ ያስተምራል።

ሰሜን ሸዋ ስለ መገለልና ስለ መቀበል ረጅም ትዝታ ያለው አገር ነው። የኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜን እንደ እሑድ እናከብራለን በማለታቸው ከመቶ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ከዋናው ቤተ ክርስቲያን ተለይተው ኖረዋል። ገዳማቸው ነበራቸው፣ ትምህርታቸው ነበራቸው፣ የራሳቸው ሰው ነበራቸው፤ ከጳጳሱ ክህነት ግን አይቀበሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1450 ተጉለት ውስጥ ደብረ ምጥማቅ ላይ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት በተደረገው ጉባኤ ነገሩ ተፈታ። አፈታቱ ነው የሚያስደንቀው። የተገለሉት ልማዳቸውን ጥለው አልገቡም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ የቅዳሜን ክብር ተቀበለች፣ እነሱም ከጳጳሳቱ ክህነት ተቀበሉ። ሁለቱም ወገን አንድ አንድ እርምጃ ተራመደ።

ይኸው ንጉሥ ደቂቀ እስጢፋኖስን ግን አልታገሠም። አንሰግድም ያሉትን አስገረፈ፣ አስገደለ። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችበት ብርሃን የታየው እነሱ በተወገሩ ሰሞን እንደነበር የንጉሡ ዜና መዋዕል ይተርካል፤ ከተማዋ የቆመችው በዚያ ትዝታ ላይ ነው። የእነዚያን መነኮሳት ታሪክ ከግዕዝ ወደ አማርኛ መልሰው ለዛሬ አንባቢ ያደረሱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የሸንኮራ ሰው ናቸው፤ የሸዋ ልጅ የሸዋን ቁስል ገለጠ። አንድ አገር፣ አንድ ንጉሥ፣ ሁለት መንገድ።

ከቅርቡ ዘመን ደግሞ ጥር 2015 አለ። ጥር 14 ቀን ወሊሶ አካባቢ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሲሾሙ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ልትከፈል የደረሰች መስሎ ነበር። ሲኖዶሱ በጾመ ነነዌ ሕዝቡ ጥቁር ለብሶ እንዲጾም አዘዘ። ያኔ የሆነውን ማንም አይረሳም። ቅዳሴ ቆሞ የማያውቅ የተባለው ልጅ ጥቁር ለብሶ ወጣ፣ ጾመ፣ ግቢ ሞላ። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየታክሲው ጥቁር ነበር። ሻሸመኔ ላይ ደም ፈሰሰ። ለየካቲት 5 የተጠራው ሰልፍ ሲራዘም ወጣቱ «ለምን?» ብሎ ቢናደድም የአባቶቹን ቃል ሰምቶ ቤቱ ቀረ። በዚያ ሦስት ሳምንት ስለ ወጣቱ ማንነት የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። የማን እንደሆነ ራሱ መለሰ።

የካቲት 8 ስምምነቱ ተፈረመ። ጥቁሩ ልብስ ተቀየረ። ከዚያ በኋላስ? እስከ ሞት ሊታዘዝ የተዘጋጀ ወጣት ከስምምነቱ ማግስት የተሰጠው ሥራ ምን ነበር? በየአጥቢያው «ያን ሰሞን የመጣችሁ ልጆች፣ ኑ፣ ስማችሁን እንወቅ» የተባለበት ቦታ ይኖራል፤ ብዙ እንዳልሆነ ግን ውጤቱ ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን ወጣቷን የምትጠራው ለጥምቀትና ለአደጋ ነው። በሁለቱ መካከል ያሉት ሦስት መቶ ምናምን ቀናት ባለቤት የላቸውም።

እነዚያ ቀናት ደግሞ ባዶ ሆነው አይጠብቁም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ጦርነት ሰሜን ሸዋንም አላለፈም። ወደ ጻድቃኔ ማርያም፣ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ የሚሄደው የወጣት ጉዞ መንገዱ ሰላም ሲሆን ብቻ የሚታሰብ ነገር ሆነ፤ ለስንቱ የከተማ ልጅ የመጀመሪያው መንፈሳዊ ትዝታ ያ አውቶቡስ ውስጥ የተዘመረው መዝሙር ነበር። በቡድን መሰብሰብ ራሱ የሚያስፈራበት ቀን አለ። ለወጣቱ ወንበር ያዘጋጀ ብዙ ነው፤ ጠመንጃ የያዘውም፣ ደላላውም፣ ጫት ቤቱም። የትኛውም «ሰላሳ ሲሞላህ ውጣ» አይለውም፤ ስሙንም ለመጠየቅ አይዘገይም።

ቤተ ክርስቲያን ግን ከነዚህ ሁሉ የሚበልጥ ነገር በእጇ አላት፤ አዲስ መሥራት እንኳን አያስፈልጋትም። ሰንበቴው አለ። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦ የሚቆረስበት፣ ጠላ የሚቀዳበት፣ ስለ ታመመና ስለ ታሰረ ሰው የሚወራበት ቤት ነው። ሰላሳ ዓመት የሞላውን የሰንበት ተማሪ በመስቀል ስጦታ ከማሰናበት ይልቅ የሰንበቴ ተራ ሰጥቶ ማስገባት ምን ያስቸግራል? ያገባችውን ዘማሪት ከባሏ ጋር አንድ ማኅበር ውስጥ ማስገባት፣ ለሕፃናቱ መምህር እንድትሆን መጠየቅስ? የንስሐ አባቶች የሚኖሩት በየደብሩ ነው፤ ፋብሪካ ያለበት አጥቢያ አንድ ካህን ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ከሰዓት በኋላ ቢመድብ ሲኖዶስ መሰብሰብ አይጠይቅም። ሀገረ ስብከቱ ከግቢ ጉባኤው ጋር ተነጋግሮ ለተመራቂው ለሚሄድበት ደብር አለቃ የሚሰጥ አንድ ገጽ ቢጽፍለት ወጪው ወረቀትና ማኅተም ነው።

ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ሊደረግ የሚችል ደግሞ አንድ ነገር አለ። በየሰፈሩ ምንጣፍ የሚያነጥፉት ልጆች ከበዓሉ አንድ ወር ቀድመው ለቲሸርት ገንዘብ ሲሰበስቡ ዝርዝር ይይዛሉ። አንዱ ልጅ ደብተር ይዞ ይዞራል፤ ስም፣ የቲሸርት መጠን፣ የስልክ ቁጥር፣ የከፈለና ያልከፈለ። ያ ደብተር አሁንም በአንዱ ልጅ መሳቢያ ውስጥ ነው። የደብሩ አለቃ ደብተሩን ለመዋስ ልጁን ቢጠሩት፣ መዋሱን እንኳ ደስ ብሎት ነው የሚያመጣው።